የጎንዮሽ

ጉልበቴ ሲቆረጥም፣ ደረጃው ሲያስፈራኝ፣
አንድ ቀን ደግፌ ከአጥሩ ማዶ ጠራኝ።
«የቻይና ቅጠል አለ፣ ቸርችልን ቁልቁል ስትወርድ፣
ከፎቶ ቤቱ በላይ፤ ያስለቅቃል የአጥንት ብርድ።»

ሄድኩኝ። ሁለት ፎቅ ስወጣ አራቴ ተነፈስኩ፣
ለጉልበት መድኃኒት፣ በጉልበት ደረስኩ።

መሳቢያው መቶ ነው፤ በየመሳቢያው ሥር
የደረቀ ልጣጭ፣ የተከተፈ ሥር፣
የማላውቀው ፍሬ፣ የነፍሳት ቅርፊት፣
ሽታው የእርጥብ ካርቶን፣ የዱሮ ደብዳቤ፣ የክረምት ምሽት።
ሻጯ ልጅ ዘገነች፣ መዘነች፣ ጠቀለለች፣
«ጧትና ማታ አፍልተው ይጠጡት» አለች።
ጉዳቱን ስጠይቅ፣ «ተፈጥሮ ነው» አለችኝ፣
«ቅጠል ምን ያደርጋል?» — ይህች ቃል አሳቀችኝ።
ኮሶም ተፈጥሮ ነው፤ የአጎቴን ዐይን አጥፍቷል፣
እንዶድም ተፈጥሮ ነው፤ የወንዝ ዓሣ ፈጅቷል።
ግን ጉልበት ሲታመም ጥርጣሬም ያነክሳል፤
ሰው ተስፋ ሲሸምት መልስ መቁጠር ይረሳል።

ከጥቅሉ ውስጥ ወጣች አንዲት ስስ ወረቀት።
እኔ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ በማተሚያ ቤት፣
የእርሳስ ሆሄ ለቃሚ፣ ከሳጥን አንድ በአንድ፣
የተገለበጠ መስመር የማነብ እንደ ጉድ፤
ይህቺን ግን አቃተኝ። ፊደሏ ሁሉ ቤት፣
ጣራ አለው፣ መስኮት አለው፣ በሩ የጠፋበት።
አጣጥፌ በኪሴ ከተትኳት። ውኃ ጣድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴ ተፈታ፣
ከራስ መኮንን ድልድይ ፒያሳ፣ ሳላርፍ ወጣሁ ማታ።
በአራተኛው ግን እንቅልፌ ከዐይኔ በረረ፣
ልቤም እንደ ዱሮ መኪና፣ ያለ ወረቀት ሲያትም አደረ።

ያኔ ነው የሰማሁት፣ በሌሊቱ እኩሌታ፣
ትርፌ ትራሷን ነክሳ ስትቃትት በዝምታ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት እንደ ድንጋይ ስተኛ፣
ለካ ሕመም ነበረ የአልጋችን ሦስተኛ።
«ምንሽን ነው?» አልኳት።
«ጎኔን ነው» አለችኝ። «ቆይቷል። ተኛ።»

በማግሥቱ ምትኩን ፈለግኩት፣ ስታዲየም፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣
ሐዲዱ ሲዘረጋ ከቻይኖች ጋር የዋለ፣ የሚያነብ ነበር።
ወረቀቷን ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣ በጣቱ እየተከተለ፦
«አፍ ይደርቅ ይሆናል። ልብ ይመታ ይሆናል።
እንቅልፍ ይርቅ ይሆናል።
የዐይን ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ጉበት ነውና፣ ሐኪም ይየው ይላል።
ይህቺን ቃል አላወቅኳትም፤ ልዝለላት?»
«አትዝለል» አልኩት። አንድ ቃል ስዘል
ከደመወዜ ይቆረጥ ነበር።
«ርእሱስ? ከላይ በደማቁ ያለው?»
«እሱማ ቀላል ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳት።»

ጎን።
ከላይ ወደ ታች ዝርዝሩን ቆጠርኩት፣
የጎደለች መስመር ነበረች፤ በልቤ ሆሄ ለቅሜ ደረደርኩት፦
«በአንዳንድ ጠጪዎች ላይ፣
ከጎን የተኛችውን መስማት ሊያስከትል ይችላል።»

ሐሙስ ጧት ከትርፌ ጋር ወረፋ ያዝን፣ ጎን ለጎን፣
እኔ ለጉበቴ፣ እሷ ለዚያ ስም ላላወጣችለት ጎን።
ሐኪሟ ጥቅሉን ፈታች፣ አሸተተች፣ መልሳ አሰረች፤
«ቅጠል ስለሆነ አይደለም የምፈራው፤
ምን እንዳለበት ስለማላውቅ ነው» አለች።
ከእኔ ደም ቀዱ። ከእሷም ቀዱ።
ሁለቱ ብልቃጥ በአንድ ሣህን፣
ስማችን ተለጥፎባቸው፣ ተያይዘው ሄዱ።

ቅጠሉን ተውኩት። ሕመሙ ተመልሶ ከጉልበቴ ሠፈረ፣
እንቅልፌም፣ ያ ኮብላይ፣ ቀስ እያለ ከቤቱ አደረ፤
በእሷ በኩል ያለው፣ የግራ ጆሮዬ ግን፣
እንደ ነቃ ቀረ።